ግሪሳ የበላው ድምፅ

መስከረም 19 ቀን 1976 ዓ.ም. እኅቴ ፋናዬ ደሳለኝ ሸዋ ሮቢት ላይ በወባ ስታርፍ፣ በምታስተምርበት ጣቢያ ያለው የአራተኛ ክፍል የኋላ ግድግዳ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ነበር። ከመስኮቱ ጀምራ እስከ መሐል ቀብታዋለች፤ ከመሐል እስከ በሩ ያለው ግን ኖራ እንደተቀባ ነው። ብሩሹን ጣሳ ውስጥ ውሃ ላይ ነክራ ነበር የሄደችው። እኔ ከአዲስ አበባ ስደርስ ውሃው ተንኖ ብሩሹ ከጣሳው ጋር ደርቋል።

ለቅሶ ላይ ብዙ ሰው ያንን ግድግዳ ያነሳ ነበር። አንዱ አንድ ነገር ሲጨምርበት ሌላው ሌላ ነገር ሲቀንስበት፣ ገና ሣልስቷ ሳይወጣ ታሪኩ መልኩን መለወጥ ጀመረ። ፋናዬ ብትኖር ይህን አትወድም። ሙያዬ መዝገብ መጠበቅ ነውና አብረዋት ካስተማሩት ከአቶ ንጉሤና ከአብዱረሂም፣ እንዲሁም ከቀወቷ ገበሬ ከወይዘሮ ጠይባ የሰማሁትን አመሳክሬ ጽፌዋለሁ። ሦስቱ የተስማሙበትን እንደሆነ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ባልተስማሙበት ቦታ ማን ምን እንዳለ ጠቅሻለሁ።

ፋናዬ ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመርቃ ወደ ሮቢት የተመደበችው በ1972 ዓ.ም. ነው። እኛ የደብረ ሲና ልጆች ነን፤ ጉም ውስጥ ነው ያደግነው። እናታችን «ልጄ ቆላ ወርዳ ልትቀልጥ ነው» ብላ አለቀሰች። ፋናዬ ግን በመጀመሪያው ዕረፍቷ ጠቁራና ከስታ፣ ማንጎ በዘንቢል ተሸክማ መጣችና ቤቱን በወሬ ሞላችው። ስለ ሙቀቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። የተናገረችው ስለ ሰሌዳዋ ነበር።

የተመደበችበት ቦታ በየገጠሩ ለሚያስተምሩ መምህራን ሥልጠና የሚሰጥ ጣቢያ ነው። በግቢው ውስጥ ሠልጣኞቹ የሚለማመዱበት ባለ ሁለት ፈረቃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የከተማው ልጆች ጠዋት ይማራሉ። ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ከቀወት መንደሮች የሚመጡት ደግሞ ጠዋት ወላጆቻቸውን አግዘው ከሰዓት በኋላ ይገባሉ።

በጣቢያው ሥነ ልቦና የሚያስተምሩት ሦስት ነበሩ። አቶ ንጉሤ በዕድሜም በአገልግሎትም ይበልጣሉ፤ የመንዝ ሰው ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮት የሚለብስ ሰው በከተማው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ አልነበረም። አብዱረሂም የማጀቴ ገበሬ ልጅ ሲሆን ከልጅነቱ አጎቱ ዘንድ ከተማ ተቀምጦ ነው የተማረው። በሄደበት ሁሉ አንዲት ሬዲዮ በብብቱ ይዞ ይዞራል። ሦስተኛዋ ፋናዬ ነበረች።

ሰሌዳዋ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተሰቀለች ትንሽ ሰሌዳ ናት። ፋናዬ በመጣች በመንፈቋ በጠመኔ ለሦስት ከፈለቻት፤ ማስረጃ፣ ተረት፣ ወሬ። ስለ ሰው አእምሮ አንድ ነገር የሰማ ወይም ያነበበ ሰው መጥቶ ወሬ ሥር ይጽፈዋል። ከዚያ ክርክር ነው። የተረጋገጠው ወደ ማስረጃ ይሄዳል፤ የወደቀው ወደ ተረት። የተሸነፈው ሰው ሰሌዳዋን ይጠርጋል። ዳስተር ስላልነበረ የሚጠረገው በገዛ እጅጌ ነው። በዚህ ምክንያት አቶ ንጉሤ መሸነፍ አይወዱም ነበር።

እግርን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማጥናት ትምህርት ያስይዛል የሚለው ወደ ተረት ሄደ። ጭንቅላቱ ትልቅ የሆነ ልጅ ብልህ ነው የሚለውንም አብዱረሂም የራሱን ቆብ በየሰዉ ራስ ላይ እየደፋ በሳቅ ጣለው። በግራ እጁ መጻፍ ተከልክሎ ያደገ ልጅ ይንተባተባል የሚለው ግን እስከ መጨረሻው ወሬ ሥር ቀረ። በቂ ነገር ያመጣ ሰው ስላልነበረ ፋናዬ ከቦታው እንዲነቃነቅ አልፈቀደችም።

የአብዱረሂም ሬዲዮ የወሬ ሁሉ ምንጭ ነበረች።

«ጉድ ሰማችሁ?» አለ አንድ ቀን ገና ከበሩ። «ሳይንቲስቶች ሰው ተኝቶ ቋንቋ እንዲማር አደረጉ!»

«በየት ሀገር?» አሉ አቶ ንጉሤ።

«ሀገሩን ሊል ሲል የሬዲዮዬ ድንጋይ ደከመ።»

«ስንት ሰው ላይ ሞከሩት?» አለች ፋናዬ።

«እሱን ሊል ሲል ነው የደከመው አልኩሽ እኮ!»

«ያንተ ሬዲዮ ማስረጃው ላይ ሲደርስ ነው ሁልጊዜ ድንጋዩ የሚደክመው።»

«አላህን ፍሪ! በድሃ ሬዲዮ አይሳቅም። ይልቅ ጻፊው፣ ወሬ ሥር ጻፊው።»

ጻፈችው። በማግስቱ ከምሳ በኋላ፣ ሮቢት በሙሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ አብዱረሂምን አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛችው። አጠገቡ ተቀምጣም አቶ ንጉሤ የነገሯትን የመንዝ መንደሮች ስም ደጋግማ አነበበችለት። ሲነቃ ሁሉም ከበቡት። ዐይኑን እያሸ ብዙ አሰበ።

«አንዲት ብቻ ትዝ ትለኛለች» አለ።

«የትኛዋ?»

«‹ፋናዬ ሆይ፣ እባክሽ ሰው ይተኛበት› የምትባል መንደር።»

ከዚያም ተነስቶ ሰሌዳዋን በእጅጌው ጠረገ።

እንዲህ ባለ ጨዋታ ሁለት ዓመት አለፈ። በጥቅምት 1975 ዓ.ም. ግን ሰሌዳዋ ላይ የተጻፈው ነገር ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

የከሰዓት ፈረቃ ውጤት ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ መንፈቅ ዝቅ ብሎ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ምክንያቱን ጠየቁ። አቶ ንጉሤም ወሬ ሥር እንኳ ሳያሳልፉ በቀጥታ ማስረጃ ሥር ጻፉ፤ «የከሰዓት ሙቀት አእምሮን ያደነዝዛል።»

«ይህ መጀመሪያ ወሬ ሥር ነው የሚገባው» አለች ፋናዬ።

«ለክቼዋለሁ፣ ልጄ።»

በእርግጥም ለክተውታል። ከሁለቱም ፈረቃ የአራተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ እየጠሩ አሥራ ሁለት ቃላት አንብበውላቸዋል፤ ልጁ የያዘውን በአፉ ይመልሳል። ወረቀት በኮታ የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር በጽሑፍ ይሁን ብሎ ያሰበ አልነበረም። የጠዋቶቹ አብዛኛውን ቃል መለሱ። የከሰዓቶቹ ሁለት ሦስት ቃል ብለው ዝም። ጭራሽ አፋቸውን ያልከፈቱም ነበሩ። ካልከፈቱት አንዷ ራቢዓ ናት፤ የወይዘሮ ጠይባ ልጅ።

ፋናዬን የከነከናት ይህ ነው። ያችው ራቢዓ ባለፈው ግንቦት በክፍሉ ፊት ቆማ የቀበሮና የጅብ ተረት ስትናገር መምህሩን ጭምር በሳቅ አስለቅሳ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ተናገሪ ስትባል ቀበሮዋን በአዲስ ብልሃት ያሳለፈች ልጅ ናት። በጥቅምት እንዴት ዲዳ ትሆናለች?

ኃላፊው ግን የሚፈልጉትን አግኝተዋል። የከሰዓቱ ፈረቃ ይታጠፍ፣ ሁሉም ልጅ ጠዋት ይግባ፣ ጠዋት መምጣት የማይችል ይቅር የሚል ሐሳብ አረቀቁ። ጥቅምት 25 ሐሙስ ከአውራጃው እንግዳ ስለሚመጣ የመምህራኑ ውይይት ላይ ቀርቦ ይጸድቃል ተባለ። ይህ ማለት ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች ትምህርት አበቃ ማለት ነው። ወይዘሮ ጠይባም ቁርጡን ሰምተው «ከሚያባርሩብኝ እኔው ቀድሜ አስቀራታለሁ» ብለው ላኩ።

ፋናዬ የጠዋት ፈረቃ ልጆችን ወላጆቻቸውን አስፈቅዳ፣ ፀሐይ በምትበረታበት በስምንት ሰዓት አስመጣቻቸው። ቆርቆሮ ጣሪያው ይፋጃል፤ ልጆቹ በላብ ተነክረዋል። አቶ ንጉሤ በለኩበት መንገድ፣ ቃላቱን ብቻ ለውጣ ለካቻቸው። ልክ በጠዋቱ ልክ መለሱ።

አብዱረሂም እንዳለኝ ከክፍሉ ስትወጣ አልተራመደችም፤ ሮጠች። በግቢው መሐል ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ መሬት እየጠረገ «ሙቀቱ አይደለም! ሙቀቱ አይደለም!» እያለች ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ገባች።

አቶ ንጉሤ ውጤቱን አንድ በአንድ አዩት። ሰውየው ቁጥር አይክዱም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሙቀቱ አይደለም። ረታሽኝ።»

ከዚያም የኮታቸውን እጅጌ ሰብስበው የጻፉትን ጠረጉና ጠመኔ አነሱ።

«ሙቀቱ ካልሆነ እንግዲህ የቀረው ልጁ ራሱ ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው፣ ጋሼ?»

«ክፉ አልተናገርኩም። ሙቀቱን አንቺው ራስሽ ጣልሽው። በሁለቱ ፈረቃዎች መካከል ሌላ ምን ልዩነት ቀረ? የገጠር ልጅ አእምሮው ለትምህርት አልተገራም።»

«እኔም እኮ የገጠር ልጅ ነኝ» አለ አብዱረሂም።

«አንተማ ከተማ ገባህ።»

«አእምሮዬ በየትኛው ጋሪ ተጭኖ ተከተለኝ ታዲያ?»

አቶ ንጉሤ ሳቁ፤ ግን ጻፉት። «የገጠር ልጅ የማስታወስ ችሎታው ደካማ ነው»፤ ማስረጃ ሥር። ፋናዬ ሰሌዳዋን እያየች ቆመች። አንዱን በር ስትዘጋ የባሰውን ከፍታለች። እጅጌዋን ወደ ሰሌዳው አንስታ መልሳ አወረደችው። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ያለ ማስረጃ አይጠረግም።

ሐሙስ ደረሰ። ፋናዬ ጠዋት ክፍል አልነበራትም። ውይይቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ በማለዳ ወንዙን ተሻግራ ወይዘሮ ጠይባ ዘንድ ሄደች። ራቢዓን እስከ ውሳኔው ድረስ እንዳያስቀሯት ልትለምን ነው። ወይዘሮ ጠይባ ማሳቸው ጫፍ ላይ ቆመዋል። ማሽላው እሸቱን ጨርሶ እየጠጠረ ነው፤ በማሳው መሐል ማማ ተተክሏል፤ ራቢዓ ጅራፍ ይዛ ማማው ላይ ናት።

«እትዬ ጠይባ፣ እባክዎ፣ እስከ ማታ ብቻ ይታገሡኝ።»

«ምኑን ነው የምታገሠው? ጠዋት ትምህርት ካላችሁ ማሽላዬን ማን ሊጠብቅ ነው? መንግሥት ማማ ላይ ይወጣልኛል?»

«ስለ እሷ እኮ አትችልም ነው የሚሉት። እችላለሁ ብላ እንድታሳያቸው...»

«ራቢዓ አትችልም?» ወይዘሮ ጠይባ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ቤት ውስጥ አፏን የሚያዘጋት አጥቼ የምቸገረውን ልጅ? ያንን ያለው ሰው ይምጣና አንድ ቀን አብሯት ይዋል!»

ንግግራቸውን አልጨረሱም። ከቆላው በኩል ጭስ የመሰለ ነገር ተነሳ፤ ተጠቀለለ፤ ተዘረጋ፤ ማሳው ላይ ጥላ ወደቀ።

«ግሪሳ!» አሉ ወይዘሮ ጠይባ። «መጣ! መጣ! መምህርት፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ? ጩኺ እንጂ!»

ፋናዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ማማው ላይ ወጣች። ቤታችን ውስጥ ሴት ልጅ ድምፅዋን ከፍ ማድረጓ ነውር ስለነበር፣ እስከዚያች ቀን ድረስ አንዴም ጮኻ የምታውቅ አይመስለኝም። መጀመሪያ ያወጣችው ድምፅ፣ ወይዘሮ ጠይባ እንዳሉኝ፣ «የጫጩት ነው»። ራቢዓ ሳቀችባት። ሁለተኛው ተሻለ። ከዚያ በኋላ ግን አልቆመችም። የግሪሳው ወፍ ከአንዱ ማሳ ተነስቶ ሌላው ላይ ያርፋል፤ በየማማው ያለ ልጅ ሁሉ ይጮሃል፤ ቆርቆሮ ይደበደባል፤ ጅራፍ ይጮሃል፤ ወንጭፍ ይወረወራል። ደመናው እንደገና ይነሳል። ያ ሁሉ ሺህ ክንፍ በአንድ ጊዜ ሲዞር ማሽላው እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። ፋናዬ እጆቿን ዘርግታ «ሆ! ሆ! ሂዱ! አትብሉ! የራቢዓ ነው!» ትላለች።

«ያን ቀን ግሪሳው ብቻ አይደለም የሸሸው» አሉኝ ወይዘሮ ጠይባ፣ እያለቀሱ እየሳቁ። «ከወንዙ ዳር ያለው ጦጣም ሀገር ለቀቀ።»

ረፋዱ ላይ ወፉ ቀለለ። ልጆቹ ከየማማው ወርደው ተጣጥበው ለትምህርት ተነሱ፤ ፋናዬም አብራቸው ነጎደች። መንገዱን ሙሉ ልጆቹ በእጅ እየተጠቃቀሱ፣ እየተጎነታተሉ ይሄዳሉ። እሷ ስብሰባው ላይ የምትለውን በልቧ ስታወጣ ስታወርድ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። ስለዚህ ምን እንደደረሰባት የምታውቅበት አጋጣሚ አልነበራትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትልቁ ክፍል ሞላ። ከአውራጃው የመጡት እንግዳ ከፊት ተቀምጠዋል። መፈክሩ ተባለ። አቶ ንጉሤ ውጤታቸውን በጥሩ ቋንቋ አቀረቡ፤ የፋናዬንም ልኬት ሳይደብቁ፣ ስሟን ጠርተው አመስግነው ጨመሩበት። ኃላፊው ዞር አሉ።

«ጓድ ፋናዬ ተቃውሞ እንዳላት ሰምተናል። ትናገር።»

ፋናዬ ተነሳች። አፏን ከፈተች። ከጉሮሮዋ የወጣው ነገር ድምፅ አልነበረም፤ ያረጀ በር የሚያወጣው ዓይነት ሲጥታ ነው። ጉሮሮዋን ጠረገችና ደገመች። አሁን ሲጥታውም የለም። ከኋላ ሠልጣኞቹ ሳቁ። እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ።

«መልስ ከሌላት እንለፍ» አሉ አቶ ንጉሤ። ይህን በክፋት እንዳልተናገሩት እሳቸውም አብዱረሂምም መስክረዋል። ሊያድኗት ነው ያሉት።

አብዱረሂም ከዚህ በኋላ ያለውን ሲነግረኝ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። «መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ከዚያ እንዴት ልንገርህ፣ በራ! ያለ ድምፅ መሳቅ ጀመረች። አብዳለች ነው ያልኩት።»

ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሮጣ በትልቁ ጻፈች።

«አሁን እኔ ደደብ ነኝ?»

ሥሩ ጨመረች።

«ጠዋት ማማ ላይ ግሪሳ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ከልጆቹ ጋር።»

አብዱረሂም ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ያ አላህ!» ብሎ ተነሳ። «እኔ እኮ ይህን አውቃለሁ! ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ! በእኛ ሀገር በጥቅምት ድምፅ ያለው ልጅ ካዩ ሰነፍ ነው ብለው ይስቁበታል! የሁሉም ልጅ ድምፅ ይሰልላል። ስለሚያፍሩ ደግሞ ሰው ፊት አይናገሩም። እንዴት ረሳሁት?»

ፋናዬ ጻፈች። «ጋሼ ንጉሤ፣ የለኩት ጉሮሮ ነው።»

አቶ ንጉሤ የጻፈችውን አነበቡ። ሁሉም ይቆጣሉ ብሎ ጠብቋል።

«ይህም እስኪለካ ድረስ ወሬ ነው» አሉ።

ፋናዬ በደስታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚህ የተሻለ መልስ ከእሳቸው አልጠበቀችም።

«ታዲያ ለኩታ!» አሉ እንግዳው። ሰዓታቸውን ማየት ትተዋል።

የከሰዓቱ አራተኛ ክፍል በአጠገቡ ነበር። አቶ ንጉሤ ማንም ያላያቸውን አሥራ ሁለት አዳዲስ ቃላት እዚያው አሰቡ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየገቡ፣ እሳቸው በራሳቸው አፍ ያነቡላቸዋል፤ ልጁ አንድም ቃል ሳይናገር በጠመኔ ይጽፋል፤ አብዱረሂም ጠርጎ ለሚቀጥለው ያዘጋጃል። ራቢዓ መጀመሪያ ገባች። ይህን ሁሉ ሰው ስታይ ወደ በሩ አፈገፈገች። ፋናዬ ከኋላ ሆና እጆቿን ዘርግታ ያለ ድምፅ «ሆ! ሆ!» አለቻት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ጠመኔውን ተቀበለች።

ደመና፣ ቁልፍ፣ መሰላል፣ በግ፣ ወንፊት። እየጻፈች ወደ ጎን ሄደች፤ ሰሌዳው አለቀባት፤ ወደ ታች ወረደች። አሥራ አንድ ጻፈች። አንዱን ዘለለች። ከእሷ በኋላ የገቡት አንዳንዶቹ ዘጠኝ፣ አንዳንዶቹ ሰባት ጻፉ። አንዱ ሦስት ብቻ ጻፈ። «እንደ ማንኛውም ክፍል» አሉኝ አቶ ንጉሤ። «ሦስት የጻፈውን እንዳትረሳ። እሷም አትረሳውም ነበር።»

ሠልጣኞቹ ያጨበጭባሉ፤ ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ እንግዳው «ቀጥል! ቀጥል!» ይላሉ። አቶ ንጉሤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሰሌዳ ሊሄዱ ሲሉ ፋናዬ በሩ ላይ ቆማ ከለከለቻቸው። ጠመኔዋን አንስታ ግድግዳው ላይ ጻፈች።

«ገና ነው። በታኅሣሥ ማሽላው ሲገባ በአፍ ይደገም። ድምፃቸው ሲመለስ ቃሉም ከተመለሰ ያን ጊዜ ማስረጃ ነው።»

«አንቺ ሰው፣ አሸንፈሻል እኮ!» አለ አብዱረሂም።

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

እንግዳው ውሳኔው እስከ ታኅሣሥ እንዲቆይ አደረጉ። ወይዘሮ ጠይባም ራቢዓን አላስቀሩም፤ «መምህርቷ ጉሮሮዋን ለማሳዬ ሰጥታለች፤ እኔ ልጄን ብሰጣት ምን አለ?» ብለዋል። ፋናዬ አራት ቀን በሹክሹክታ አስተማረች። ማር ይዞ የሚመጣ በዛ፤ አብዱረሂም ግማሹን በላባት።

በታኅሣሥ ማሽላው ታጭዶ ተወቃ። አቶ ንጉሤ በሌሎች ቃላት በአፍ ለኩ። የከሰዓቶቹ ልጆች ከጠዋቶቹ እኩል መለሱ። ራቢዓ አሥራ ሁለቱንም ቃል ብላ ስታበቃ አላቆመችም፤ በጥቅምት የጻፈቻቸውን ቃላት ጭምር ቀላቅላ ተረት ሠርታ በጉን መሰላል ላይ አውጥታ ደመና ላይ አስጋጠችው። «ይበቃል፣ ልጄ፣ ይበቃል» እስኪሏት ድረስ ቀጠለች። የከሰዓቱ ፈረቃ አልታጠፈም።

በዚያ ቀን አቶ ንጉሤ ሰሌዳዋን ስለጠረጉበት ሁኔታ ምስክሮቼ አልተስማሙም። አቶ ንጉሤ በኮታቸው እጅጌ እየሳቁ እንደጠረጉ ይናገራሉ። አብዱረሂም ደግሞ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ እንደነበር፣ ሲጠየቁም «የጠመኔ ብናኝ ነው» እንዳሉ ይናገራል። ሁለቱንም አስፍሬያለሁ። የተስማሙበት ነገር፣ ማስረጃ ሥር አዲሱን ቃል የጻፈው ፋናዬ ሳትሆን አቶ ንጉሤ መሆናቸው ነው። «ዝምታ አለማወቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተለክቷል።»

ፋናዬ እዚያ ላይ አላቆመችም። የሚመጣው ጥቅምት ግሪሳውን ይዞ መመለሱ አይቀርም፤ ወረቀትም አይኖርም። ስለዚህ ልጆቹ በዚያ ወር መልሳቸውን የሚጽፉበት ሰፊ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ብዙ ልጆች ጎን ለጎን ቆመው እንዲጽፉ። የአራተኛ ክፍልን የኋላ ግድግዳ መረጠች። ቀለሙን ራሷ ነበር የምታዘጋጀው፤ የደከመ የባትሪ ድንጋይ ሰብራ ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ትፈጭና በቅጠል ጭማቂ ትለውሰዋለች። ሬዲዮ ያለውን ሰው ሁሉ ድንጋይ እንዳይጥል አስጠንቅቃ ነበር። ከሁሉ በላይ ድንጋይ የሚያደክመው አብዱረሂም ነው።

አርብ መስከረም 12 ግድግዳውን ከመስኮቱ ጀመረች። መሐል ላይ ስትደርስ ጥቁሩ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ራሷን እያመማት እንደነበር አከራይዋ ነግረውኛል። ቢሆንም ገበያ ወጣች። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝታ አብዱረሂም ቤት ሄደች። አዲሶቹን ሰጠችው፤ አሮጌዎቹን ከሬዲዮዋ ሆድ አውጥታ ወሰደች። ሬዲዮዋ ተከፍታ ጥርት አድርጋ መናገር ጀመረች።

«ይኸው» አለችው። «ዛሬ ሀገሩ ላይ ሲደርስ ደከመ የምትለኝ ነገር የለም። እስከ መጨረሻው ሰምተህ ሰኞ ትነግረኛለህ። ስንት ሰው ላይ እንደሞከሩት ጭምር።»

«ተቀምጠሽ አብረሽኝ ስሚያ።»

«ግድግዳዬ ይጠብቀኛል።»

አሮጌዎቹን ድንጋዮች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ጣቢያው ሄደች። ከዘበኛው ቁልፍ ተቀብላ አራተኛ ክፍልን ከፈተች፤ ድንጋዮቹን መስኮቱ ላይ፣ ከጣሳው አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያም ራስ ምታቱ ስለበረታባት የቀረውን ለሰኞ ትታ በሩን ቆልፋ ቁልፉን መለሰች።